ከልጣጩ ጋር የከረመ ነጭ ወይን

ገና አልፎ እንግዳው ሲበተን ላሊበላ ምን እንደምትመስል የኖረባት ያውቃል። ትናንት እግር መጣያ የጠፋበት መንገድ ላይ ዛሬ ውሻ ተጋድሞ ያንቀላፋል። በምሠራበት ሆቴል ምግብ ቤት ጠረጴዛዎቹ ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ብርጭቆዎቹ ተደፍተው ይጠብቃሉ፤ የሚመጣ የለም። በዚያ ጥር አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶኝ ነበር። የተወለወለ ብርጭቆ መልሼ እወለውላለሁ። በረንዳ ወጥቼ ቁልቁል ሸለቆውን አያለሁ፣ ተመልሼ እገባለሁ። የአውሮፕላን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ልክ እንደ ተሳፋሪ ቀና እላለሁ።

የሚያቁነጠንጠኝ ነገር ነበር። አዲስ አበባ ያለ አንድ ትልቅ ሆቴል የወይን አስተናጋጅ እንደሚፈልግ ሰምቼ አመልክቼ ነበር፤ መልስ እጠብቃለሁ። ስለ ወይን የማውቀው ግን እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ቀይ አለ፣ ነጭ አለ፣ ሮዜ የሚሉት መሀል ሰፋሪ አለ። ነጩ ቀዝቅዞ ይቀርባል፣ ቀዩ አይቀዘቅዝም። የቀድሞው ባርማን ሥራ ሲለቅ ቡሽ መክፈቻውን እጄ ላይ አስቀምጦልኝ ሄደ፤ ትምህርቴም ሹመቴም ያው ነበር።

ከገና እንግዶች መካከል ጥምቀትን ሳላይ አልሄድም ያለች አንዲት ሴት ቀርታ ነበር። ከጆርጂያ ነው የመጣችው፤ እናቴ በሕይወት ብትኖር እኩያዋ ትሆን ነበር። ብቻዋን ትበላለች፣ ብቻዋን ትወጣለች፣ ለቀሳውስቱ ዝቅ ብላ መስቀል ትሳለማለች። አንድ ቀን ለምሳ ስትመጣ ከቦርሳዋ በሹራብ የተጠቀለለ ጠርሙስ አወጣች።

«ከቤቴ ያመጣሁት ነው» አለችኝ በእንግሊዝኛ። «እዚህ ብከፍተው ቅር ይላችኋል?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን አለቃዬን እጠይቅ ነበር። ያን ቀን ግን የሚሠራ ነገር በማግኘቴ ደስ ብሎኝ ወዲያው ከፈትሁት። ስቀዳው ደነገጥሁ። ጠርሙሱ ላይ ነጭ ወይን እንደሆነ ተጽፏል፣ ብርጭቆው ውስጥ የወረደው ግን ጠጅ ነው። ከጠጅም ወደ ቀይ ያደላል፤ ደግሞ ትንሽ ደፍረስ ይላል።

«ይቅርታ» አልኋት፣ «መንገድ ላይ ሙቀት አግኝቶት ይሆናል። የተበላሸ ይመስለኛል።»

ሴትዮዋ ሳቀች። የሚያስቀይም ሳቅ አልነበረም። «ሌላ ብርጭቆ አምጪና ተቀመጪ» አለችኝ።

አስተናጋጅ እንግዳ ጠረጴዛ ላይ አይቀመጥም። ግን ማን ሊያየኝ! ተቀመጥሁ። ቀመስሁ። እንደ መልኩ ጣፋጭ ይሆናል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ጠብ የሚል ስኳር የለውም። ሽታው የደረቀ ኮክና የብርቱካን ልጣጭ ነው፤ አፍ ውስጥ ሲገባ ግን ምላስን ይይዛል፣ ድድን ያደርቃል፣ ምድጃ ላይ ተረስቶ እንደ ከረረ ሻይ። ፊቴን ያጨማደድሁ መሰለኝ።

«ሻይ ሻይ ይላል» አልኋት።

«እንግዲህ ነገሩ ገብቶሻል» አለችና በፊቷ የነበረውን የሻይ ኩባያ ወደኔ ገፋ አደረገችው። «የሻይ ቅጠሉን ቶሎ ካወጣሽው ውኃው ነጣ ይላል፣ ለስለስ ይላል። ከቆየስ?»

«ይጠቁራል። ይመራል።»

«ወይንም እንደዚያው ነው። ጥቁሩም ወይን አረንጓዴውም ወይን ሲጨመቅ ጭማቂው ያው ነጣ ያለ ነው። ቀለሙ ያለው ልጣጩ ላይ ነው። ቀይ ወይን ቀይ የሚሆነው ከጥቁር ልጣጩ ጋር ስለሚፈላ ነው። ሮዜ ከልጣጩ ጋር ትንሽ ቆይቶ ይለያል። ነጭ ወይን ደግሞ ወዲያው ተጨምቆ፣ ልጣጩ ተጥሎ፣ ጭማቂው ብቻውን ይፈላል። ይሄኛው አራተኛው ነው። አረንጓዴው ወይን እንደ ቀዩ ከነልጣጩ፣ ከነፍሬው ይፈላና አብሮ ይከርማል። አንዳንዱ ቀናት፣ አንዳንዱ ወራት። ሌላው ዓለም ብርቱካናማ ወይን ይለዋል፤ ሰውም ብርቱካን ያለበት ይመስለዋል። ምንም የለበትም።»

«በምን ውስጥ ነው የሚከርመው?»

እጆቿን በሰፊው ዘርግታ የአንድ ትልቅ ዕቃ ቅርጽ በአየር ላይ ሠራች፤ አፉ ጠበብ፣ ሆዱ ሰፋ፣ ቂጡ ሾጠጥ ያለ። «ከሸክላ ነው። እኛ መሬት ውስጥ እንቀብረዋለን።»

«ጋን!» አልኋት ሳላስበው ጮክ ብዬ።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላውን ሁሉ ስጠይቃት ዋልሁ። ስትመልስልኝ አልሰለቸችም። ይህ ወይን እንደ ሌላው ነጭ በበረዶ መደንዘዝ የለበትም አለችኝ፤ ቀዝቀዝ ይበል እንጂ እንደ ቀይ ወይን ይያዝ። ከተከፈተ በኋላ ትንሽ አየር ይፈልጋል። ከታች አተላ ቢኖረው አትደንግጪ። ደግሞ ብቻውን ጠጥተሽ አትፍረጂበት፣ ከምግብ ጋር ቅመሽው። ምሳዋ ምስር ወጥ ነበር። አጎረሰችኝ፣ ከዚያ ጠጣሁ። ቅድም አፌን ያደረቀው ነገር አሁን በርበሬውንና ዘይቱን ጠራርጎ ወረደ። በጥምቀት ማግስት ሄደች። እኔ ግን ከዚያ ወዲያ እንቅልፌም ሐሳቤም ጋን ውስጥ ገባ።

ወይን አለና በቤታችን። የአባቴ ግቢ ውስጥ፣ ከአሮጌ አይሱዙ በተፈታ ብረት ላይ የተንጠላጠለ፣ ግቢውን ግማሽ የሸፈነ ሐረግ። አባቴ ዕድሜያቸውን በወልድያና በላሊበላ መካከል ጭነት ሲያመላልሱ የኖሩ ሹፌር ናቸው፤ ጉልበታቸው እምቢ ሲል ነው ከመሪው የወረዱት። ሐረጉን ከቆቦ በኩል ቁራጩን አምጥተው የተከሉት በስለት ምክንያት ነው። በሕፃንነቴ ኩፍኝ ይዞኝ ዓይኔ ሊጠፋ፣ እኔም ልጠፋ ደርሼ ሳለ ገነተ ማርያም ሄደው «ልጄን ካተረፍሽልኝ በየዓመቱ ዘቢብ አገባለሁ» ብለው ተሳሉ። ተረፍሁ። መጀመሪያ ከገበያ እየገዙ ያስገቡ ነበር፤ በኋላ «የገዙት ስለት እጅ አይሞላም» ብለው ተከሉት። ፍሬው አረንጓዴ ነው፣ ሲበስል ወደ ቢጫ ያደላል። በየዓመቱ ለቅመው፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ አድርቀው፣ ለቅዳሴ የሚሆነውን ዘቢብ ያስገባሉ። አንድ ፍሬ ወደ አፉ ያደረገ ልጅ ወዮለት።

እንግዲህ እኔ አንድ ጠዋት ሐረጉ ሥር ቆሜ «አባባ፣ ዘንድሮ ከዚህ ወይን ትንሽ ቢሰጡኝ?» አልኋቸው።

«ለምን?»

ነገርኋቸው። ጆርጂያዊቷን፣ ልጣጩን፣ ጋኑን። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና «የማርያምን ዘቢብ ለመጠጥ?» አሉ።

«ስለቱ እኮ የኔ ነው። የዳንሁት እኔ ነኝ።»

«የዳንሽው አንቺ ነሽ። የተሳልሁት እኔ ነኝ።»

እኔ ግን አልተውኋቸውም። ሥራ ከመሄዴ በፊት እጠይቃለሁ፣ ስመለስ እጠይቃለሁ። ፍሬው እየበሰለ ነበር፤ ወፎቹ ጀምረውታል። አባቴ በመጨረሻ ሲመርራቸው የንስሐ አባታችንን ቤት ድረስ ጠሩ። ቄሱ ሐረጉን አንጋጠው አዩና መጀመሪያ የጠየቁት እኔን አልነበረም።

«ሲሳሉ ቃልዎ ምን ነበር?» አሏቸው አባቴን።

«በየዓመቱ አንድ ቁና ዘቢብ፣ አባ።»

«ይህ ሐረግ የሚሰጠው አንድ ቁና ነው?»

አባቴ በዱላቸው መሬቱን ጫሩ። ሐረጉ ካረጀ ወዲህ ብዙ እጥፍ ይሰጥ ነበር፤ እሳቸውም ሁሉንም ያስገቡ ነበር።

«የተሳሉትን ቁና ያስገቡ። የተረፈውን የሰጡት በፈቃድዎ ነው፤ እግዜር ይስጥልን። ዘንድሮ ለልጅዎ ቢሰጧት እመቤታችን አትቀየምም» አሉና ወደኔ ዞሩ። «አንቺ ግን ስትቀምሺው ለክተሽ ነው።»

የካቲት ሲገባ ለቀምን። አባቴ የስለቱን ለይተው ጣሪያ ላይ አሰጡ። የቀረውን እኔ እግሬን ታጥቤ ትልቅ ሳፋ ውስጥ ገብቼ ረገጥሁት። ቀዝቃዛ ነው፣ ያዳልጣል፣ ጭማቂው ክብደት ያለው ጣፋጭ ነው። እንጨት እንጨቱን ለቅሜ፣ ልጣጩንና ፍሬውን ከነጭማቂው የእናቴ የነበረ ጋን ውስጥ ገለበጥሁት። ጋኑን በግራዋ አጥቤ በፈላ ውኃ አለቅልቄዋለሁ፤ አላጠንሁትም።

«ያልታጠነ ጋን?» አሉ አባቴ።

«ጭሱ የወይኑን ሽታ ይሸፍነዋል።»

«ይሁን። ሲበላሽ እኔን እንዳትዪኝ።»

እርሾ አልጨመርሁበትም፤ ሴትዮዋ ልጣጩ ላይ ያለው ይበቃል ብላኝ ነበር። መጀመሪያ ምንም አልሆነም። ጠዋት ተነስቼ ክዳኑን እከፍታለሁ፣ ዝም። ከሥራ ለምሳ ወጥቼ እሮጣለሁ፣ ዝም። አለቃዬ «ሕፃን ታጠቢያለሽ እንዴ?» አለኝ። የላስታ ብርድ ገደለው ብዬ ጋኑን በአሮጌ ብርድ ልብስ ጠቀለልሁት። ከዚያ አንድ ማለዳ ጆሮዬን አስጠግቼ ስሰማ ውስጡ ያንሾካሹካል። ልጣጩ ሁሉ ወደ ላይ ተነስቶ እንደ ወፍራም ቂጣ ሆኗል፤ ከሥሩ አረፋ ይገፋል። ያንን ቂጣ ጠዋትና ማታ በንጹሕ እንጨት ወደ ታች መድፈቅ ያስፈልጋል፤ ላዩ ከደረቀ ይሻግታል፣ አቼቶም ይሆናል። እኔ ግን ጠዋትና ማታ የሚበቃኝ ሰው አልነበርሁም። በከፈትሁት ቁጥር አባቴ ከመደባቸው ላይ ሆነው «ተይው! ሞተር እየሠራ ኮፈን አይከፈትም!» ይሉኝ ነበር።

የአዲስ አበባው ስልክ የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። ለፈተና ነይ አሉኝ። ሁዳዴ ገብቷል። ጋኑ እየተንሾካሾከ ነው። ሻንጣዬን አዘጋጅቼ እመለሳለሁ፣ ጋኑን ከፍቼ አያለሁ፣ ወደ ሻንጣው እመለሳለሁ።

«ለጥቂት ቀን ነው» አልኋቸው አባቴን። «ጠዋትና ማታ ልጣጩን መድፈቅ ብቻ ነው። ልጣጩ ራሱ ሲሰጥም ጨርሷል ማለት ነው፤ ያኔ መጥቼ አጠልለዋለሁ።»

«እኔን ጠማቂ ልታደርጊኝ ነው?»

«ሌላ ማን አለኝ?»

ዱላቸውን ተደግፈው ተነሱ፣ እንጨቱን ከእጄ ተቀበሉ፣ እንዴት እንደምደፍቅ አሳየኋቸው።

አዲስ አበባ የአጎቴ ልጅ ቤት አረፍሁ። ፈተናው ላይ በርካታ ብርጭቆ ደርድረው አስቀመሱኝ። ግማሹን አወቅሁ፣ ግማሹን ገመትሁ። ከፈታኞቹ አንዱ «ለዶሮ ወጥ ምን ዓይነት ወይን ታቀርቢያለሽ?» አለኝ። ሌሎቹ ቀይ፣ ወይም ጣፋጭ ነጭ ብለው እንደመለሱ በኋላ ነው የሰማሁት። እኔ ከልጣጩ ጋር የከረመ ነጭ አልሁ። ለምን አለኝ። ቅቤውንና ቅመሙን የሚችል መራራነት እንደ ቀይ አለው፣ እንደ ነጭ ደግሞ አይከብድም፤ ጠጅ ለለመደ ሰው ደግሞ ጌሾው የሚሰጠውን ምሬት ያስታውሰዋል፣ ብቻ ማሩን እንዳይጠብቅ አስቀድሜ እነግረዋለሁ አልሁት። ሰውዬው ፈገግ አለ። «እኛ ጋ እኮ የለም» አለ። «እንደውልልሻለን» ብለው አሰናበቱኝ።

የመመለሻዬ ቀን ሲደርስ በዚያ በኩል ተኩስ ተከፍቶ መንገድ ተዘጋ፤ አውሮፕላኑም ቆመ። ዛሬ ይከፈታል፣ ነገ ይከፈታል እየተባለ ሰነበተ። ደግነቱ ስልኩ ይሠራ ነበር።

«አባባ፣ ዛሬ ደፈቁት?»

«ደፈቅሁት።»

«ጠዋትም ማታም?»

«ጠዋትም ማታም። አንቺ በልተሻል?»

«ድምፁ እንዴት ነው?»

«በሚኒሞ፣ ቀስ ብሎ እየሠራ ነው።»

«ሽታውስ? አቼቶ አይልም?»

«ወይን ወይን ይላል።»

«እስቲ ትንሽ ቅመሱልኝ።»

«ሁዳዴ ነው።»

«ጣትዎን ብቻ ነክረው።»

«ጣቴም ጾመኛ ነው።»

በየቀኑ ይህንኑ እንባባል ነበር። አባቴ በጾም መጠጥ አይነኩም። ወይኑ ይጣፍጥ ይምረር በዚያ ቤት የሚያውቅ የለም። እኔ የአጎቴ ልጅ ሳሎን ውስጥ ከመስኮት መስኮት እመላለሳለሁ። እሷ ሥራ ስትሄድ ወጥቼ ያለ ምክንያት ታክሲ እሳፈራለሁ፣ ወርጄ በእግሬ እመለሳለሁ። የሆቴሉም ስልክ አይደወልም። ጭንቅላቴ ውስጥ ልጣጩ ደርቆ፣ ነጭ ሻጋታ አውጥቶ፣ የዝንብ መንጋ ወርሶት ይታየኛል።

ከዚያ የላሊበላ መስመር ጠፋ። ስደውል «የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አይችሉም» ይለኛል። የጎረቤት ቁጥር ሞከርሁ፣ ያው ነው። የሆቴሌን ሞከርሁ፣ ያው ነው። መጀመሪያ ሰሞን ስለ ወይኑ ተጨነቅሁ። ሲቆይ ወይኑን ረሳሁት። ከላይ ያሉ ሰዎች እንዴት ይሆኑ የሚል ብቻ ቀረ። ከወልድያ የመጣ ሰው አለ ሲሉኝ እየሄድሁ እጠይቃለሁ፤ አንዱ ደኅና ነው ይላል፣ አንዱ ከንፈሩን ይመጥጣል። ቤተ ክርስቲያን ሄጄ እሰግዳለሁ፤ ስሰግድ ስልኬን ከፊቴ አስቀምጬ ነው።

ስልኩ የተመለሰ ዕለት ማን ቀድሞ እንደደወለ አላስታውስም። የአባቴን ድምፅ ስሰማ ወለሉ ላይ ተቀመጥሁ።

«ደኅና ነኝ» አሉ። «ሁላችንም ደኅና ነን። ልጣጭሽ ሰጥሟል።»

«ምን?»

«ልጣጩ። ሰጥሟል። ድምፁም ጠፋ። ሞተሩ ከጠፋ ብዬ አፉን በጨርቅና በጭቃ መርጌዋለሁ። አየር እንዳይገባ ብለሽኝ አልነበር?»

እኔ ያሰብሁት በጊዜ ከልጣጩ ላይ ልለየው ነበር። አሁን ያለቅጥ አብሮት ሰንብቷል፤ ሳይቀመስ፣ ሳይጠለል። አባቴ ሳያውቁት የሴትዮዋን አገር ሥራ ሠርተዋል።

በረራው ሲከፈት ሰሙነ ሕማማት ገብቶ ነበር። ቤት ስደርስ ከአባቴ ጋር ከተቃቀፍን በኋላ ዓይኔ ወደ ጋኑ ሄደ። አባቴ አዩኝ።

«አይሆንም» አሉ። «የምትቀምሺው ፋሲካ ነው። አሁን ከፍተሽ ልታሸትቺው ብቻ?»

እውነታቸውን ነው። ግን ያ ሳምንት እንዴት ያለ ሳምንት ነበር! ሰው ሁሉ በስግደትና በሐዘን ሲያልፍ እኔ በዚያ ጋን ዙሪያ ስዞር ሰነበትሁ። የተመረገውን ጭቃ በጣቴ እነካለሁ። ተሰንጥቋል እላለሁ፣ ውኃ ነክሬ አለስነዋለሁ። ዓርብ ዕለት ስሰግድ ውዬ ጉልበቴ ሲከዳኝ እንኳን ሐሳቤ አልተቀመጠም።

የፋሲካ ዕለት ፀሐይ ወጥታ፣ ቤት ያፈራው ምግብ ከቀረበ በኋላ አባቴ ራሳቸው ጭቃውን በዱላቸው ጫፍ ሰበሩት። የመጀመሪያው ሽታ አስደነገጠኝ፤ ጉሮሮ ላይ ወጋ የሚያደርግ ነገር አለው። ቆይቶ ተነነና ከሥሩ ኮክ፣ ሻይ፣ ትንሽ ደግሞ እንደ ደረቀ ሣር ያለ ሽታ መጣ። በቅል ጨልፌ በንጹሕ ጨርቅ አጠለልሁና በብርጭቆ ወደ በሩ ብርሃን ይዤው ወጣሁ። መልኩ የመስከረም ማር ነው፣ ግን አልጠራም።

ቀመስሁ። ምሬቱ ጠንካራ ነው፣ ምላሴን እንደ ሻካራ ጨርቅ ያዘኝ። ዳር ዳሩ ላይ የአቼቶ ነገር አለ። የሴትዮዋ ወይን ይይዛል እንጂ አይጨብጥም ነበር። «ቆይቷል» አልሁ። «በጣም ቆይቷል።»

አባቴ ብርጭቆውን ተቀበሉኝ። ተጎነጩ። ፊታቸውን ሰበሰቡ።

«ይህ መጠጥ ሰው ይቆጣል» አሉ።

ሳቅሁ፤ ዕንባዬም መጣ መሰለኝ። «እንድፋው» አልሁ።

«ማን ድፊው አለሽ? መጀመሪያ እንብላ።»

ዶሮ ወጡ ቀርቧል። አባቴ ጎረሱ፣ ጠጡ። ደግመው ጎረሱ፣ ጠጡ። ከዚያ ብርጭቆውን ከፍ አድርገው እንደገና አዩት። «አሁን ታረቀን» አሉ። እኔም ሞከርሁት። ቅቤው ምሬቱን አለሰለሰው፣ ምሬቱ ቅቤውን አቀለለው። ዳር ላይ ያለው ቁጣ አልጠፋም፤ ግን ከወጡ ጋር ሲሆን እንደ ሎሚ ሆነ። እንከን የሌለው ወይን አልነበረም። ፈታኞቹ ቢቀምሱት ጥፋቱን ይዘረዝሩት ነበር። እኔም እዘረዝረዋለሁ። ቢሆንም አባቴ እንደገና ቀዱ።

በዚያ መሀል ነው፣ ሳልጠይቃቸው፣ ወደ በሩ እያዩ የተናገሩት።

«ስልኩ ሲጠፋ የማደርገውን አጣሁ። አንቺ የት እንዳለሽ አላውቅ። መንገዱ እንደሆነ የማውቀው መንገድ አልነበረም። ጠዋት ተነስቼ እደፍቃለሁ፣ ማታ እደፍቃለሁ። ልጣጩ ከሰጠመ በኋላም ስደፍቅ ነበር። የሚደፈቅ ነገር የለውም፤ እንጨቱ ውኃ ውስጥ ነው የሚገባው። ዝም ብዬ ስደፍቅ ነበር። በኋላ ይህስ እብደት ነው ብዬ መረግሁት።»

ወጥ ጨመርሁላቸው። ወይኑ የቆጣው ለምን እንደሆነ ግን ያኔ ገባኝ፤ ከሰጠመ በኋላ በተነካካ ቁጥር አየር ሲገባው ነበር። አልነገርኋቸውም። እስከ ዛሬም አልነገርኋቸውም።

ሆቴሉ የደወለልኝ ከዳግማ ትንሣኤ በኋላ ነው። ተቀብለውኛል። ስልኩን ዘግቼ ግቢው ውስጥ ሐረጉ ሥር ወዲያ ወዲህ አልሁ። አባቴ ከመደባቸው ሆነው ሰምተዋል።

«መቼ ነው?» አሉ።

«ቶሎ ነይ ብለዋል። ግን እርስዎን ብቻዎን…»

«ሂጂ። እኔ ባንቺ ዕድሜ ከመሪ ላይ አልወረድሁም።» ትንሽ ቆይተው ጨመሩ፤ «በሚቀጥለው ግን ጋኑን አጥኚው።»

«አይታጠንም፣ አባባ።»

«እናያለና።»

የቀረውን ወይን በባዶ የወይን ጠርሙሶች ሞላሁት። አብዛኛውን ለሳቸውና ለጎረቤት ተውሁ፣ አንዱን ለንስሐ አባታችን ላክሁ። ቀምሰው «ለክተሽ ያልሁት ለምን እንደሆነ አሁን ገባሽ?» ብለው ላኩብኝ። አንዱን ደግሞ ያንን ፈገግ ያለውን ፈታኝ ላስቀምሰው ብዬ በነጠላ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትሁ።

መንገዱ ተከፍቶ ስለነበር በሚኒባስ ወረድሁ። ጠዋት የላሊበላ አየር ይቀዘቅዛል፤ ጋሸና ስንደርስ ግን ፀሐዩ ወጥቷል፣ ሰዉ ተጨናንቋል፣ መስኮት የሚከፍት የለም። ከመቀመጫዬ ሥር ጧ! የሚል ድምፅ መጣ። ሹፌሩ ጎማ ፈነዳ ብሎ ፍሬን ያዘ። ቡሹ ተስፈንጥሮ የፊተኛው ወንበር ጀርባ ላይ አርፎ ነበር። ወይኑ ሥራውን አልጨረሰም ኖሯል፤ ሙቀት ሲነካው ተነስቷል። አረፋው በነጠላዬ፣ በቦርሳዬ፣ በወለሉ ላይ ፈሰሰ፤ መኪናውን የኮክና የሻይ ሽታ ሞላው።

ጎኔ የተቀመጡ፣ ከሙጃ የመጡ አንዲት እናት አፍንጫቸውን ቀና አድርገው አሸተቱ። «የምን ጠጅ ነው፣ ልጄ?»

«ጠጅ አይደለም፣ እማማ። ወይን ነው። ነጭ ወይን።»

«ይህ ነው ነጭ?»

ማስረዳት ጀመርሁ። ልጣጩን፣ ሻዩን፣ ጋኑን። ሹፌሩ ሞተሩን አስነስቶ በመስታወት እያየ ይሰማል። እናትየዋ እስከ መጨረሻው አላስጨረሱኝም፤ ከጉያቸው የፕላስቲክ ኩባያ አወጡና ዘረጉልኝ። ቀዳሁላቸው። ጠጡ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ኩባያውን ከኋላ ላለው ሰው አሳለፉት። «የሚበላ ነገር ይዟል የሚል የለም?» አሉ ወደ ሰዉ ዞረው። አንዱ ቆሎ አወጣ።

ቡሹ ተመልሶ አልገባ አለኝ። በቀረው ላይ አውራ ጣቴን ተክዬ፣ አረፋው በጣቴ ሥር እየገፋኝ፣ በዚያ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ወደ ድልብ ወረድን።